ስለ አልማዝ ቀለበትና ስለ መደብሩ ስም

ወጣቶች ሆይ፤ ለእጮኛ የሚሰጥ የአልማዝ ቀለበት ከታወቀ የጌጣጌጥ ቤት ይገዛ ወይስ በቅናሽ ከሚሸጥ መደብር? ይህ ጥያቄ ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩበት በአሜሪካ ሰውን ያከራክራል። በዚያ ኮስትኮ የሚባለው መደብር ሥጋና ሳሙና በሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሺሕ ዶላር የሚያወጣ ቀለበትም ይሸጣል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ስመ ጥሩው የጌጣጌጥ ቤት ቲፋኒ፥ «በቀለበት መሸጫው ላይ ስሜን ጽፏል» ብሎ ኮስትኮን ከሰሰ። ኮስትኮም «ቃሉ የድንጋዩ አቀማመጥ መጠሪያ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ነገሩም በ2021 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ልብ በሉ፤ ስምንት ዓመት ያከራከራቸው ስም ነው እንጂ የድንጋዩ ጠባይ አይደለም።

አልማዝ የተሸጠበትን ቤት አያውቅም። የሚመዘነው በክብደቱ፥ በአቈራረጡ፥ በቀለሙና በጥራቱ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ፥ ከመሬት የወጣ ነው ወይስ በፋብሪካ የተሠራ? ከሻጩ ነጻ የሆነ መርማሪ የሰጠው ወረቀት አለው ወይ? ባይስማማ ይመለሳል ወይ? ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ደኅና ከሆነ፥ ከቅናሽ መደብር መግዛት ነውር የለበትም።

ነገር ግን ቅናሽ ሁሉ ትርፍ አይደለም። የ20,000 ዶላሩን ቀለበት በ15,000 ያገኘ ሰው 5,000 አተረፍሁ ይላል፤ 15,000ውን ተበድሮ ከሆነ ግን ትዳሩን የጀመረው በዕዳ ነው። አልማዝም መልሰው ሲሸጡት ብዙውን ጊዜ ከተገዛበት ዋጋ በታች ስለሚያወጣ ጥሪት አይሆንም። ከአቅም በላይ የተገዛ ቀለበት ጣትን ያስጌጣል፤ ቤትን ግን ያራቁታል።