በዳኑብ ወንዝ ዳር ስላሉ ሁለት ከተሞች

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር የባለቤታችንን አባት ለዓይን ሕክምና ወደ ጀርመን አገር፥ ሙኒክ ወደሚባለው ከተማ ይዘናቸው ሄደን ነበር። ሐኪሞቹም መርምረው የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፥ የቀረው ግን በመድኃኒት ለጊዜው ሊጠበቅ እንደሚችል ነገሩን። ወደ አገራችን ለመመለስ ሦስት ቀን ሲቀረን አንዱን ቀን ለጉብኝት አደረግነው። በአንድ ቀን ሁለት ከተማ መዞር ለሽማግሌ ሰው ድካም ስለሆነ፥ ከሬገንስቡርግና ከፓሳው አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብን። ሁለቱም በዳኑብ ዳር የተሠሩ የጥንት ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸውም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ልብ ያዘነበለው ወደ ሬገንስቡርግ ነበር። ይህ ከተማ በሮማው ንጉሠ ነገሥት በማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ179 ዓመተ ምሕረት፥ የጦር ሰፈር ሆኖ የተመሠረተ ነው (ከዚህ በታችም ዘመኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋለን)። የሰፈሩ በር ዛሬም በሌላ ሕንፃ ግንብ ውስጥ ተካቶ ይታያል። በ1135 ተጀምሮ በ1146 የተፈጸመው የድንጋይ ድልድይም ርዝመቱ ከ300 ሜትር ይበልጣል። የአገሩ ሰዎች ሲያወሩ፥ የድልድዩ አናጺ ከካቴድራሉ አናጺ ጋር ማን ቀድሞ ይጨርሳል ብሎ ተወራረደ፤ ሰይጣንም በድልድዩ ላይ አስቀድመው የሚሻገሩትን ስምንት እግሮች ሊወስድ ተስማምቶ ረዳው፤ አናጺው ግን አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ ውሻም አሻግሮ አታለለው ይላሉ። ዛሬ የሚታየው ካቴድራል የተጀመረው ድልድዩ ካለቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ ውርርዱ ሊሆን የማይችል ነው፤ ወሬው ግን አላረጀም።

በጽሕፈት ሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ የሚስብ ነገር አለው። በአሮጌው የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ከ1663 እስከ 1806 ድረስ የጀርመን መሳፍንትና የነጻ ከተሞች እንደራሴዎች ጉባኤ ሳይበተን ተቀምጦበታል። ጀርመኖች አንድ ጉዳይ ሲዘገይ «ወደ ረጅሙ አግዳሚ ተገፋ» ይላሉ፤ ይህም አነጋገር የአቤቱታው ወረቀት በዚያ አዳራሽ በረጅም የአግዳሚ ሣጥን ውስጥ ተከማችቶ ይቀር ስለ ነበረ የመጣ ነው ይባላል። ይህን ስናነብላቸው አማታችን «የእናንተ መሥሪያ ቤት አግዳሚስ ስንት ክንድ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልሰጠንም።

ፓሳው ግን በሕዝብ ብዛት የሬገንስቡርግ ሢሶ ያህል ነው። በ1662 እሳት በልቶት የኢጣልያ አናጺዎች ስለ ሠሩት መልኩ የኢጣልያን ከተማ ይመስላል። ጥንት የበለጸገው በጨው ንግድ ነው፤ ጨዉ በኢን ወንዝ በጀልባ ይመጣና ከዚያ በጋማ ከብት ተጭኖ ወደ ቦሔሚያ ይሻገር ነበር፤ እንደ እኛ አሞሌ ማለት ነው። በ1928 ተሠርቶ ኋላም የታደሰው የካቴድራሉ ኦርጋን ከ17 ሺሕ በላይ ቧንቧዎች አሉት፤ በአምስት ስፍራ ተከፍሎ ቢቆምም አንድ ሰው በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይመታዋል።

በሙኒክ የሚማረው ልጃችን «ዓይናቸው ለደከመ ሰው የሚሰማ ነገር ይሻላል» ብሎ ፓሳውን መረጠ። እናቱ ግን «ድምፅ ወደፊትም ይሰማሉ፤ ዓይናቸው ገና ጥቂት ሲያይ ድልድዩን ይዩ» አለች። ይህ ነገር ልባችንን ነካው፤ የራሳችንንም ምኞት ስለ ደገፈልን ፈጥነን ተቀበልነው። አማታችን ግን «እስካሁን እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔ የዓባይ ዳር ሰው ነኝ፤ ሦስቱ ወንዞች ወደሚገናኙበት ውሰዱኝ» አሉ። ክርክሩም በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ፓሳው ስንደርስ ኦርጋኑን በእኩለ ቀን ሰማን። አማታችን በወጣትነታቸው መሪጌታ ስለ ነበሩ በትራቸውን እንደ መቋሚያ ይዘው ጸጥ ብለው አደመጡ። ሲወጡም «ደረትን ይመታል፤ ቃል ግን የለውም» አሉ፤ ሌላም አልተናገሩም። በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ የጎርፍ ምልክቶች ተጽፈው አየን። በ2013 በሰኔ ወር ውኃው 12 ሜትር ከ89 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ይህን የሚያህል ከ1501 ወዲህ አልታየም።

ከዚያም እጃቸውን ይዘን ወደ መሬቱ ጫፍ ወሰድናቸው። ኢልትስ የሚባለው ከረግረግ አገር ስለሚመጣ ጠቆር ይላል፤ ኢን ከአልፕ ተራሮች በረዶ ስለሚወርድ አረንጓዴ ነው፤ ዳኑብ በመካከል ያልፋል። የውኃው ብዛት በዓመት ሲመዘን ኢን ከዳኑብ እንደሚበልጥ፥ ከተገናኙ በኋላ ግን ስሙ ዳኑብ ብቻ እንደሆነ ነገርናቸው። በካርቱም ነጭ ዓባይና የእኛው ዓባይ ተገናኝተው በክረምት አብዛኛው ውኃ ከኢትዮጵያ የወረደ ሲሆን፥ ከዚያ በታች ናይል ብቻ መባሉን ያውቃሉና «እንግዲያው ይህ ኢን የምትሉት ዘመዳችን ነው» አሉ።

ጥቂት ቆይተውም በበትራቸው ወደ ቀኝ እያመለከቱ «አረንጓዴው ያ ነው?» ብለው ጠየቁ። በእርግጥም ያ ነበር። ባለቤታችን ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች።

ወደ ሙኒክ የሚመለሰው ባቡር በሬገንስቡርግ አያልፍም። የድንጋይ ድልድዩን ያየነው በጣቢያው በገዛነው የፖስታ ካርድ ላይ ነው።