ጩኸቱ የሚናገረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅዳሴ መካከል አንድ ልጅ ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ ብትሰሙ አስቀድሞ ወደ ልባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? «ወላጆቹ አልቀጡትም» የሚል ነውን? ወይስ «መንፈስ ይዞታል» የሚል? ኦቲዝም ያለበት የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድም ስላለኝ ሁለቱንም ከኋላዬ ሰምቻለሁ።

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት የሚጀምር ሁኔታ ነው እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት ወይም የእርግማን ውጤት አይደለም። ብዙዎቹ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ ከእኛ ይልቅ ይበረታባቸዋል፤ የለመዱት ሲለወጥም ይጨነቃሉ። ለእኛ ነፍስን የሚያረካው ከበሮና ጸናጽል፣ ከዕጣኑና ከሕዝቡ ብዛት ጋር በአንድነት ሲመጣ ለወንድሜ ከዐቅም በላይ ይሆንበታል። የተሰማውን በቃል መግለጽ ሲያቅተው እጁን ይነክሳል፤ ይጮኻል። ይህ እልኸኝነት አይደለም። እልኸኛ ልጅ የፈለገውን ሲያገኝ ዝም ይላል፤ እርሱ ግን ሸክሙ እስኪቀልለት ድረስ ቢፈልግም ማቆም አይችልም።

በቤታችን የጠቀመንን ልንገራችሁ። ጭንቀቱ ድንገት አይመጣም፤ አስቀድሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል፣ ወደ በሩ ይመለከታል። ያን ጊዜ ከዛፉ ጥላ ሥር ይዘነው እንወጣለን። የቀኑን ውሎ ማለዳ በሥዕል እናሳየዋለን፦ መጀመሪያ ታክሲ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ቤት። «በቃኝ» የሚል ትርጉም ያለው የሥዕል ካርድም በኪሱ ይዟል። መጮኽ ከጀመረ ግን ተግሣጽ አይጠቅመውም፤ ቃላችንን እናሳጥራለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ ራሱን እንዳይጎዳ እንጠብቀዋለን። እናታችን ከመቅረቧ በፊት ሦስት ጊዜ በቀስታ ትተነፍሳለች፤ የተቆጣ ሰው የተጨነቀን አያረጋጋምና።

በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የኦቲዝም ልጅ እናት ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን መሠረቱ። ብዙ ልጆች በቤት ተሸሽገው በሚያድጉበት ዘመን ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር። ዛሬም የሚሸሸጉ አሉ። እናታችን ሁለት ዓመት ከቅዳሴ ቀርታ ነበር፤ ያስቀራት የወንድሜ ጩኸት ሳይሆን ወደ እርሷ የዞሩት ፊቶች ነበሩ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ስታዩ አትፍጠጡ፤ መውጫ መንገድ ልቀቁለት፤ እናቱንም «ምን ልርዳሽ?» በሏት። ጠበል የሚጠጣ ልጅም ጸጥ ያለ ጥላ ያስፈልገዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።