የጀልዴሳ መንገድና የጫማችን ነገር

ለዛሬ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ጀልዴሳ አብረን እንጓዝ። ጉዞው የሽርሽር ብቻ አይደለም። ለራሳችንም ሆነ ለልጆቻችን ረጅም መንገድ የሚያስኬድ ጫማ ስንመርጥ ምን ማየት እንዳለብን ከዚህ አገር መሬትና ከሰዉ አረማመድ የምንማረው ስላለ ነው።

ጀልዴሳ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው። ስፍራው በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ሲሆን፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪ የሆኑ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ይኖሩበታል። አገሩ ቆላ ነው። ወንዙ ዝናብ ሲጥል ደራሽ ውሃ ይወርድበታል፤ በሌላው ጊዜ ግን ሰውም ግመልም የሚሄድበት ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ለእግረኛ ሁለት ፈተና አለበት። አንዱ ፀሐይ ያጋለው አሸዋና ጠጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው በአሸዋው ውስጥ የተደበቀው የግራር እሾህ ነው።

ዛሬ ጸጥ ያለችው ጀልዴሳ በ19ኛው መቶ ዘመን ስሟ የታወቀ ከተማ ነበረች። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ በረሃውን ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት ከመጀመሩ በፊት የሚያርፍባትና ቀረጥ የሚከፍልባት ኬላ ነበረች። የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ግን ንግዱ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ፤ ጀልዴሳም ከዋናው መንገድ ወጣች።

በዚህ መንገድ ካለፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ፈረንሣዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በሐረርና በአካባቢው ብዙ መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው፣ በሚያዝያ ወር በቃሬዛ ሆኖ ከሐረር በጀልዴሳ በኩል ወደ ዘይላ ወረደ። 16 ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ አደረሱት። በግንቦት ወር ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር ወርም አረፈ። የታመመው በጫማ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን መንገድ የለመደ ሰው እግሩን ሲያጣ ምን ያህል እንደሚያጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ታሪኩ የእሱን ስም ሲያስታውስ፣ ያንን ሁሉ አሸዋና ድንጋይ በእግራቸው የረገጡትን ተሸካሚዎች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አሁንም ቢሆን በጀልዴሳ ዋናው መጓጓዣ እግር ነው። ወተት ወይም ማገዶ ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱትን ሴቶች እግር ብትመለከቱ ሸራ ጫማ፣ የላስቲክ ጫማ ወይም ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ታያላችሁ። ታኮ ያለው ጫማ ግን አይታይም። በመንገድ ያገኘኋቸውን አንዲት እናት፣ «እማማ፣ ይህ በረባሶ አይከብድሽም?» ብዬ በድሬዳዋ አነጋገር ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የጫማ ክብደት የሚታወቀው ስትገዢው አይደለም፤ ከገበያ ስትመለሺ ነው» አሉኝ።

የእኚህን እናት አነጋገር እስቲ በሒሳብ እንየው። አንዱ እግር ጫማ ከሌላ ዓይነት በ200 ግራም ቢከብድና በቀን 10,000 እርምጃ ብንራመድ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱን እግር ስለምናነሣ በቀኑ መጨረሻ በትርፍ ያነሣነው ክብደት 2,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህም 20 ኩንታል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማና ተራምዳ ሠርታ ማታ ደግሞ የቤት ሥራ ለሚጠብቃት እናት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የተረከዙ ከፍታ ነው። ተረከዙና የጣቱ በኩል እኩል ከፍታ ያላቸውን ጫማዎች በውጭ አገር «ዜሮ ድሮፕ» ብለው በውድ ዋጋ ለእግረኛና ለሯጭ ይሸጧቸዋል። እኛ ዝርግ ጫማ ብንለው ይበቃናል። በረባሶም ሆነ ተራ ሸራ ጫማ ከዚሁ ወገን ናቸው። ዝርግ ጫማ ያደረገ ሰው ሰውነቱ ወደ ፊት ሳያዘነብል ይቆማል፤ ጣቶቹም የሰውነቱን ክብደት ከሚገባው በላይ አይሸከሙም። በአንጻሩ ለዓመታት ታኮ ጫማ ያዘወተረች ሴት የባቷ ጡንቻ ያጥራል፤ የተረከዟ ጅማትም ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ጥናት አምስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ታኮ ያዘወተሩ ሴቶችን መርምሮ ይህንኑ አረጋግጧል። ብዙ የቢሮ ሠራተኞች የበዓል ቀን ዝርግ ጫማ አድርገው ረጅም መንገድ ሲሄዱ ባታቸውን የሚያማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ጥፋቱን በዝርጉ ጫማ ላይ ማላከክ አይገባም።

ለውጡ ግን ቀስ በቀስ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት በቤትና በሰፈር፣ ቀጥሎም ለግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጉዞ እያሉ እግርን ማለማመድ ያስፈልጋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። በባዶ እግሩም በጫማም ያሸነፈው እግሩ የለመደና የበረታ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዝርግ ማለት ስስ ማለት አይደለም። በጀልዴሳ አሸዋ ላይ ስስ ሶል ያለው ነጠላ ጫማ አድርጎ መሄድ እሾህን መጥራት ነው። በረባሶ ዝርግም ወፍራምም ስለሆነ እሾህን ይመክታል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ ከትንሽ መኪና ጎማ የተቆረጠውን ምረጡ። እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ የሽቦ ጫፍ ወይም የሚስማር አናት እንዳልወጣ መርምሩ።

ጫማ በአገሩ መሬት ይመረጣል። በቆላው አሸዋ ላይ አየር የሚያስገባ ክፍት ጫማ ይመቻል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባዶ እግር ለዓመታት ከዚያ አፈር ጋር ሲነካካ የዝሆኔን በሽታ ያመጣል፤ በአገራችንም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በሽታው እንዳለበት ይገመታል። እንዲህ ባለው አካባቢ ለልጅ የሚገዛው ጫማ የተሸፈነ መሆን አለበት፤ እግርንም በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። የስኳር በሽታ ያለባት ወይም እግሯ የሚደነዝዛት እህት ደግሞ ሐኪም ሳታማክር ስስ ወይም ክፍት ጫማ ማድረግ የለባትም።

ወደ ድሬዳዋ ተመልሳችሁ ቀፊራ ገበያ ብትገቡ፣ ወይም በየምትኖሩበት ከተማ ጫማ ልትገዙ ብትወጡ፣ የሚከተሉትን አትርሱ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ቁሙና የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ ንደፉ፤ ልጆቻችሁንም እንዲሁ። ጫማውን በንድፉ ላይ ስታስቀምጡ ንድፉ ወደ ውጭ ከተረፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ሻጩ «ይሰፋል» ቢላችሁም አትግዙት። እግር ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ስለሚያብጥ ወደ ማታ መለካት ይሻላል። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር። ጫማውን በጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከጎን ተመልከቱ፤ ተረከዙ ከጣቱ በኩል እጅግ ከፍ ካለ ለረጅም መንገድ አይሆንም። በእጃችሁ ስታጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው እንጂ መሐል ላይ አይደለም። በመጨረሻም በእጃችሁ መዝኑት።

ልጆች በፍጥነት ስለሚያድጉ በየሦስት ወሩ ልካቸውን ማየት ያስፈልጋል። «ለዓመት ይሁነው» ተብሎ እጅግ የሰፋ ጫማ ሲገዛ እግር ይላጣል፤ ልጁም ይደናቀፋል። «ገና አላለቀም» ተብሎ የጠበበ ጫማ ሲደረግ ደግሞ በማደግ ላይ ያሉት ጣቶች ይጣመማሉ።

በረባሶ ለብዙ ዘመን የድሃ ጫማ እየተባለ ተንቋል። ይሁን እንጂ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ባቋቋሙት ሶልሬበልስ በተባለው ድርጅት የጎማ ሶል ያላቸው ጫማዎች ተሠርተው በውጭ አገር ገበያ ተሸጠዋል። በሩቅ አገር የተወደደውን በገዛ ደጃችን ስናገኘው ልናፍርበት አይገባም።

ውድ እናቶች! ልጃችሁን በሚያብለጨልጭ ጠባብ ጫማ አስጊጣችሁ ጎረቤት ቢያደንቅላችሁ፣ አድናቆቱ በአንድ ቀን ያልፋል። የተጣመመ ጣት ግን አብሮት ያድጋል። እናንተም ብትሆኑ ቤታችሁን፣ ሥራችሁንና ልጆቻችሁን ተሸክማችሁ የምትውሉት በእነዚሁ ሁለት እግሮች ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የጫማ ገንዘብ ስትመድቡ፣ የራሳችሁን ድርሻ ለሌላ ጉዳይ አውላችሁ በተንጋደደ አሮጌ ጫማ ከመክረም፣ ቀላልና ዝርግ፣ ለጣታችሁም የሚበቃ አንድ ጫማ ለራሳችሁ ግዙ።