ከጣና ጀልባ ወርዶ ወደ ሰከላና ቡሬ

በባሕር ዳር ጀልባ ተከራይቶ ሦስት አራት ቀን በጣና ላይ የሚንሸራሸር ሰው እንደ ልማዱ ደሴቶቹንና ገዳማቱን ያያል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፤ የዘጌን ቡና ይቀምሳል፤ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውን ዓሣ አጥማጅ ፎቶግራፍ ያነሣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚያ ቀኖች አንዱን በየብስ ያሳልፉት ዘንድ እመክርዎታለሁ። ጀልባዎን የተሸከመው ውሃ የት እንደ ተወለደ ሳያዩ መመለስ በሰው ቤት ተጋብዞ ባለቤቱን ሳይተዋወቁ እንደ መውጣት ነው።

ከዘጌ አልፎ፣ በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ግልገል ዐባይ ይገባል። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው። በክረምት ውሃው ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ያ ቅላት የሰከላና የሜጫ ገበሬ የእርሻ አፈር ነው።

ማለዳ በአውቶቡስ ተነሥተው በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ጥሊሊ ይውረዱ፤ ከዚያም ወደ ሰከላ የሚወጣ መኪና ይፈልጉ። ቁርስ ግን እንዳይበሉ! የግሽ ዐባይ ምንጭ ጠበል ስለሆነ በልቶ የመጣ ሰው አይቀርበውም። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደ ተመለሱላቸው የአገሩ ሰው ይተርካል። ፖርቱጋሎች የላኩት ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ቦታ ደርሰዋል። ተማሪዎቻችን የሁለቱን ስም በቃላቸው ያውቃሉ፤ ምንጩን ያየው ግን ስንቱ ነው? ሲያዩትም ትንሽነቱ ያስደንቃል። ያ ትንሽ ውሃ ነው እንግዲህ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ሐይቅ ውስጥ የሚገባው።

ጾሙን ቡሬ ላይ ይፍቱ። አገሩ የበርበሬ አገር ስለሆነ ሽሮው ያስለቅሳል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ በኦሜድላ የገቡት ንጉሠ ነገሥትም በዚሁ መንገድ ተከትለው ወደ አዲስ አበባ አልፈዋል።

ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም ነው፤ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር። ስሙና ያየው መከራ ግን አልተስማሙም፤ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማው በደረሰው ፍንዳታ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ከዚያው አካባቢ የመጣ ሰው ይጠይቁ፤ «ዛሬ አይሆንም» ካለዎት ጀልባዎ ላይ ይቆዩ።

ከደረሱ ግን ማታ ከከተማው አጠገብ የሚፈሰውን ላህን ይዩ። እርሱ እንደ ግሽ ውሃ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና አይሄድም፤ ቁልቁል ወደ ደቡብ ይወርዳል። የጣናው ውሃም በባሕር ዳር ወጥቶ፣ በጢስ ዐባይ ተወርውሮ፣ ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ ወደዚሁ ወደ ደቡብ ይመጣል፤ ከላህና ከቡሬው ፈጣም ውሃ ጋርም በዐባይ በረሃ ይገናኛል። በዚያ ገደል ጀልባ አይቀዘፍም። እርስዎ በማግሥቱ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ።