ቀበሮው አልበም አለው፣ ጋላቢው ጉርድ ፎቶ

ሳኔቲ ላይ የሚኖር ቀይ ቀበሮ ከባሌ ጋላቢ የተሻለ የፎቶ አልበም አለው። ከጎባ ተነስቶ ወደ ዶሎ መና በሚያልፈው መንገድ 4,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የሚወጣ እንግዳ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ክንድ የሚያህል ሌንስ ያወጣል። ቀበሮው ፍልፈል ላይ ሲዘል አራት እግሩ ከመሬት እንደተነሳ፣ ጆሮው እንደቆመ፣ ጸጉሩ ላይ ያረፈው ውርጭ ሳይቀር ተለይቶ ይነሳል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሰየው ነው፤ ለቀበሮው አልከፋም።

የሚከፋኝ በዚያው ደጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽምጥ ሲጋልቡ ለኖሩ አባቶቻችን ነው። የእነሱ ፎቶ ጉርድ ፎቶ ነው። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለግብር ደብተር ወይም ለብድር ማመልከቻ ተብሎ ሮቤ ወይም ጎባ ፎቶ ቤት ገብተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ «አይንቀሳቀሱ» ተብለው የተነሱት። ሲንቀሳቀሱ የኖሩ ሰዎች ባልተንቀሳቀሱባት በዚያች ቅጽበት ብቻ ተመዘገቡ።

ከእናቴ ወንድሞች ታላቁ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው፣ ከእነዚህ አንዱ ነበር። የባሌ ፈረስ አጥኚዎች ከኢትዮጵያ የፈረስ ዝርያዎች መካከል ራሱን ችሎ የሚቆጥሩት ነው። እንደ ጋሼ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ዝርያም ጥናትም ይረሳል። ሰርግ ሲሆን ከሙሽራው አጃቢዎች ፊት ቀድሞ ሽምጥ ይወጣል፤ ኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ይለጠጥና ልጓሙን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ዱላውን ከራሱ በላይ ያዞራል። ፈረሱ ሜዳው ጫፍ ደርሶ ሲታጠፍ የጋሼ ጋቢ ለአንድ አፍታ አየር ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ያንን ያየ ልጅ ሁሉ ማታ እንጨት እየጋለበ ያድራል።

በ2014 ዓ.ም. ሚኒሶታ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ደወለና አንድ ሐሳብ አመጣ። «ጋሼ ሳይደክም፣ ልጆቹም ፈረስ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ ቤታችን አንድ ደህና ካሜራ ይኑረው» አለ። ረጅሙን ሌንስ እሱ ሊልክ፣ ካሜራውን እኛ አዋጥተን አዲስ አበባ ልንገዛ። ሌንስና ካሜራ መጋጠም ስላለባቸው ግን መጀመሪያ እንድንወስን ጠየቀን፦ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ወይስ መስታወት የሌለው ሚረርለስ? ቤታችን በዚህ ጥያቄ ለሁለት ተከፈለ።

የዲኤስኤልአሩ ጠበቃ ሮቤ ውስጥ ፎቶ ቤት የሠራው የአክስቴ ልጅ ነበር። ዲኤስኤልአር ውስጥ መስታወቱ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ዓይን የሚያየው ስክሪን ሳይሆን ራሱን ብርሃኑን ነው። ስለዚህ የሚሮጥ ፈረስ ስትከተል መዘግየት የለም ይል ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን የካኖን 90ዲ ይጠቅሳል፦ በሰከንድ 10 ፎቶ፣ አንዴ በተሞላ ባትሪ በአምራቹ ልኬት ወደ 1,300 ፎቶ። «መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ የሚበላ ካሜራ ምን ይሠራል? ሰርጉ ሳያልቅ ይሞታል» ይላል። የዱሮው የዲኤስኤልአር ሌንስ በየቦታው አለ፣ ያገለገለው ደግሞ ርካሽ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

የሚረርለሱ ጠበቃ ታናሽ እህቴ ነበረች። ዲኤስኤልአር እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሳ መስታወቱ ወደ ላይ ይነሳል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይንህ ይጨልማል፤ የምትከተለውን ፈረስ የምታጣው በዚያች ጨለማ ነው ትላለች። ሚረርለሱ ግን የት ላይ ማተኮር እንዳለበት የሚያነበው ፎቶው ከሚቀረጽበት ከራሱ ሴንሰር ላይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ካኖን አር6 ማርክ 2 ደግሞ ከሰውና ከውሻ አልፎ ፈረስን ለይቶ እንዲከተል ተደርጎ ተሠራ። በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ በሰከንድ 40፣ በሜካኒካሉ 12 ያነሳል። «ፈረሱን ካሜራው ራሱ ያውቀዋል!» ብላ ስታበቃ የአክስቴ ልጅ ይነሳባታል። በ40ው ፍጥነት ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ስለሆነ የጋላቢው ፈረስ እግር ሊጣመም ይችላል ይላል። «እንግዲያው በ12ቱ ይነሳ» ትላለች። የእሱ 10 ነው፣ የእሷ 12። እንዲህ ሆኖ ቤታችን በሰከንድ ሁለት ፎቶ ልዩነት ላይ ተቀመጠና ከረመ።

ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ፈረስ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። መዝጊያው ለአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ከተከፈተ ፈረሱ በፎቶው ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ይደበዝዛል፤ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ከሆነ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። የሮቤ የረፋድ ፀሐይ ባለበት ሜዳ ላይ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ለሁለቱም ካሜራ ቀላል ነው። ጋሼን ለማንሳት የጎደለ ቴክኖሎጂ አልነበረም። እንዲያውም በ1878 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚባል ሰው 12 ካሜራ በአንድ መስመር ደርድሮ፣ በመስታወት ላይ በተቀባ ኬሚካል፣ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት እንዳለ አሳይቶ ነበር። እኛ ከዚያ ከ140 ዓመት በላይ ቆይተን በኪሳችን ገንዘብ፣ በደጃችን ፈረስ፣ በሜዳው ጋሼ እያለ አልቻልንም።

ክርክሩን ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው ዘግተውት ነበር። እኛ ስንጀምር፣ በዚያው በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ የካኖን ኃላፊ 1ዲኤክስ ማርክ 3 የኩባንያው የመጨረሻው ዋና ዲኤስኤልአር እንደሚሆን ተናግረዋል። ከዚያም በላይ ወንድማችን የጠየቀን ጥያቄ ራሱ መልስ ነበረው። ካኖን በ1987 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው የኢኤፍ ሌንስ ዲኤስኤልአሩ ላይ በቀጥታ ይገጥማል፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ በትንሽ አዳፕተር ሚረርለሱም ላይ ገጥሞ እንደ ወትሮው ይሠራል። አንድ የኢኤፍ ሌንስ ቢላክ ኖሮ ዛሬ ዲኤስኤልአር፣ ነገ ሚረርለስ ሊሆን ይችል ነበር። እህቴ ይህን አንድ ምሽት ተናግራዋለች። ማንም ልብ አላለውም፤ ክርክሩ ጥሞን ነበርና። ካሜራ መግዛት ገንዘብ ያስወጣል፣ ስለ ካሜራ ማወቅ ግን ያስከብራል፤ እኛ የሚያስከብረውን መረጥን።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የታናሽ አጎታችን ልጅ አገባ። ጋሼ ሮቤና ጎባ መካከል ባለው ሜዳ ላይ፣ ከወጣቶቹ ፈረሰኞች ቀድሞ፣ እንደ ድሮው ወጣ። የተቀጠረው ካሜራ ያዥ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሙሽራዋን ቀለበት እያነሳ ነበር። ወደ ሜዳው ሲመጣ ፈረሶቹ ሊታጠፉ ደርሰዋል። እጁን አንስቶ «ጋሼ፣ ትንሽ ቆም ይበሉልኝ፣ ላንሳዎት» አለ። ጋሼ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ተመለከተውና «ፈረስ ቆሞ ምን ይሆናል ብለህ ነው የምታነሳው?» ብሎ በተረከዙ ነካው፤ ሄደ። ከዚያ ቀን የተረፈን በእንግዶች ስልክ የተቀረጸ ነው፦ አቧራ፣ እልልታ፣ ከአቧራው ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ። ያ ነጥብ ጋሼ ነው ብለን ለልጆች እናሳያለን፤ ልጆቹ በትህትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። «ዋጋው ይውረድ፣ አዲስ ሞዴል ይውጣ» እየተባለ ባንክ ያስቀመጥነው መዋጮ ቁጥሩ ሳይነካ ጉልበቱ ግማሽ ሆነ። ጋሼም በዚያው ክረምት ታመመ፤ በ2017 ከፋሲካ በፊት አረፈ።

ለለቅሶው በትልቅ ባነር ላይ የሚታተም ፎቶ ተፈለገ። ሳጥን ተፈተሸ፣ ስልክ ተፈተሸ። የተገኘው መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ነበረች። ከጥፍር ከፍ ያለችው ምስል ሁለት ሜትር ሆና ስትታተም ፊቱ ተበታትኖ ነጠብጣብ ሆነ፤ ሰማያዊ መጋረጃ፣ የተቆለፈ ኮት፣ የፍርድ ቤት ተከሳሽ የመሰለ ሰው። ከባነሩ ሥር ፈረሱን ኮርቻው እንደተጫነ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በለቀስተኛው መካከል ያዞሩት ነበር። ከጊኒር የመጣ አንድ ሽማግሌ ባነሩን ቀና ብለው አይተው «ይሄ ማነው?» ሲሉ ሰማሁ። አብረውት ስንት ሰርግ የጋለቡ ሰው ናቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ወንድማችን ከተዝካሩ ወዲህ ደወለ። መዋጮ አያስፈልግም፣ ሁሉንም እኔ እገዛለሁ፣ ሚረርለስ ይሁን፣ አልቋል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቴ ልጅ እንኳ አልተከራከረም። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ነበርና እናቴ ከጓዳ «ማንን ልታነሱበት?» ብላ ጠየቀች። ወንድማችን «ልጆቹን፣ እማዬ» አላት። የትኞቹን ልጆች? ፈረስ መቀመጥ የሚያስተምራቸው ጋሼ ነበር። ፈረሱ ጠባቂ አጥቶ ተሸጧል፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በባጃጅ ነው።

ካሜራው ግን መጣ። በሰከንድ 12 ፎቶ ያነሳል፣ መዝጊያው ድምፁ ያምራል፣ ስክሪኑ ላይ ፈረስን የሚለይበት አማራጭም አለው። እህቴ አማራጩን ከፍታ አሳየችን፤ የአክስቴ ልጅም ዓይኑን አስጠግቶ ሲያይ ቆየና «በእውነት አይዘገይም» ብሎ አመነ። አራት ዓመት የተሟገትንበት ነገር በአንድ ከሰዓት ተፈታ። ፈረስ የሚያውቅ ካሜራ ቤታችን ገባ፤ ፈረስ የሚያውቀው ሰው ከወጣ በኋላ።