ክላክሳችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የጮኸው መቼ ነው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ እዚህ ቴክሳስ፣ ካሮልተን ውስጥ ኦልድ ዴንተን መንገድ ላይ ካለው የኮሪያ ገበያ ጎመንና ዝንጅብል ገዝቼ ከመኪና ማቆሚያው ልወጣ ስል፣ ከፊቴ የነበረ ትልቅ ፒካፕ ወደ ኋላ መጣብኝ። ከኋላዬ ሌላ መኪና ስለቆመ መሸሻ አልነበረኝም። የመሪውን መሀል በመዳፌ ተጫንኩት። ዝም። ደግሜ ተጫንኩት። አሁንም ዝም። የተሰማው ድምፅ ከኋላ ወንበር "አባዬ!" ያለችው የልጄ ጩኸት ብቻ ነበር። ፒካፑ ፓራውልቴን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።

ቤት ከገባሁ በኋላም ያልለቀቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ክላክሱ የተበላሸው መቼ ነው? ትናንት ይሁን ከስድስት ወር በፊት፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

አዲስ አበባ ቢሆን በዚያው ቀን አውቅ ነበር። አባቴ ማታ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ደርሶ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ክላክስ ያደርጋል፤ ከእኛ ከልጆቹ የቀደመው ሮጦ የግቢውን በር ይከፍታል። አንድ ምሽት ያ ድምፅ ሳይሰማ በሩ ተንኳኳ። እንግዳ የመጣ መስሎን "ማነው?" ብለን ጠየቅን። አባቴ ነበር። ክላክሱ ተበላሽቶበት ከመኪናው ወርዶ ነው ያንኳኳው። በማግስቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ኤሌክትሪሻን ዘንድ ወሰደው።

አገር ቤት ክላክስ ሥራው ብዙ ነው። ታክሲው ተሳፋሪ ይጠራበታል፣ ሹፌር ከሹፌር ሰላም ይባባልበታል፣ የሙሽራ አጀብ ከተማውን ይዞርበታል። ገጠር ስትወጡ ደግሞ አህያና ከብት ከአስፋልት ይነሣበታል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ፣ ከወዲያ የሚመጣው በማይታይበት መታጠፊያ፣ ክላክስ የሌለው ሹፌር ዓይኑን እንደተጋረደ ሰው ነው። ጩኸቱ አዲስ አበባ ላይ ይበዛል፣ ያደክማል፤ ያን አልክድም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚነካ ዕቃ ሲበላሽ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ግን በጆሲ ሌን እስከ ፍራንክፎርድ መንገድ ሄዳችሁ አንድም ክላክስ ላትሰሙ ትችላላችሁ። ሕጉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የቴክሳስ ሕግ ማንኛውም መኪና ቢያንስ 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚሰማ ክላክስ እንዲኖረው ያዛል፤ አጠቃቀሙን ግን ለደህንነት አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ብቻ ይገድበዋል። እኛም ክላክስ ቁጣ ያስነሣል ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። ጸጥታውን እወደዋለሁ። ሆኖም በዓመት አንዴ እንኳ የማይነካ ክላክስ ሲሞት የሚያለቅስለት የለውም።

ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚነካው ሰው ነበር። ክላክስ ቴክሳስ በየዓመቱ ከምታስመረምራቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.) ጀምሮ ግን ለንግድ ላልሆኑ መኪኖች የደህንነት ምርመራው ቀርቷል። ዳላስን፣ ዴንተንንና ኮሊንን ጨምሮ በአንዳንድ ካውንቲዎች አሁን ያለው የጭስ ምርመራ ብቻ ነው። የጭስ ምርመራ ደግሞ ክላክስ አይመለከትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋርላንድ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ዓመታት ሚኒባስ ለነዱ አንድ ታላቃችን ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ክላክሴ ዝም አለብኝ። አዲስ ልግዛ እንዴ?"

"ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ አድምጠው። ስትጫነው ኮፈኑ ሥር ጠቅ የሚል ነገር አለ?"

የክላክስ መስመር አጭር ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ ያልፋል፣ ሪሌ ላይ ይጠብቃል፤ መሪው ላይ ስንጫን ሪሌው ይዘጋና ኤሌክትሪኩን ወደ ክላክሱ ይለቀዋል። ያ "ጠቅ" የሪሌው ድምፅ ነው። ከተሰማ መሪው፣ ቁልፉና ሪሌው ትእዛዙን ተቀብለዋል፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሪሌው ወዲያ፣ ወደ ክላክሱ በኩል ነው። ካልተሰማ ከፊውዙ ጀምሩ። የትኛው እንደሆነ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይገኛል። የተቃጠለውን በዚያው አምፔር ተኩ፤ ከፍ ያለ ከከተታችሁ ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይቃጠላል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ቀያይራችሁ ሞክሩ።

የእኔ ጠቅ ይል ነበር። ስለዚህ ከማስኩ ኋላ ያለውን ክላክስ ፈልጌ ሶኬቱን ነቀልኩና የመሞከሪያ መብራቴን አስገባሁ። ልጄን "ተጫኚ" አልኳት። መብራቱ በራ። ጉልበቱ እስከ ክላክሱ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ከዚያ ክላክሱን ፈትቼ በሁለት ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ ሞከርኩት። ጮኸ! ልጄ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች።

"እንግዲህ ቦዲ ነው የጎደለው" አሉኝ ጋሼ በስልክ። "የታሰረበትን ቡሎን እየው።"

እውነትም ቡሎኑና የታሰረበት ብረት በዝገት ቀልተዋል። እንደ እኔ መኪና አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ክላክስ፣ ኔጋቲቩን የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ነው፤ ዝገት በመካከል ከገባ መስመሩ ይቆረጣል። መኪናዬን የገዛኋት አገልግላ ነው፤ በክረምት በረዶ ላይ ጨው ከሚነሰነስበት ከሰሜን የመጣች ናት። ቡሎኑንና ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ መልሼ አሰርኩት። ያወጣሁት ገንዘብ የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ ነው።

አባቴ መኪናውን የወሰደበት ኤሌክትሪሻንም እንዲሁ ነበር የሚሠራው። ክላክሱን ከፍቶ ፑንቱን ይፈትጋል፣ ከኋላ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያዞረ ድምፁ እስኪጠራ ያስተካክላል። እምቢ ሲል ብቻ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ ይፈለጋል። እዚህ የሚሸጡት ክላክሶች አብዛኞቹ ተገጥመው የታሸጉ ስለሆኑ ተከፍተው አይጠገኑም፤ ጋራዥም የሰዓቱን ክፍያ እያሰበ መለወጡን ይመርጣል። ጋሼ ከአገር ይዘውት የመጡት ልማድ ግን እዚህም ይሠራል፦ ከመለወጥህ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ እወቅ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ድፍረት ይብቃን። ክላክሱ ጠፍቶ የኤርባግ መብራትም ከበራ፣ ወይም መሪው ላይ ያሉት የሬዲዮ ቁልፎች አብረው ካቆሙ፣ መሪው ውስጥ ያለው ክሎክ ስፕሪንግ የሚባለው ጥቅልል ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። የኤርባጉም መስመር በእሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ አደጋ ቢደርስ ኤርባጉ ላይነፋ ይችላል። መሪውን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ሲነካካ የሚፈነዳ ኤርባግ ፊት ያቆስላል። ለባለሙያ ስጡት። ከዚያ በፊት ግን 17 ፊደላትና አሃዞች ያሉትን የሻንሲ ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ ለእንዲህ ያለ ጉድለት ፋብሪካው መኪናውን ጠርቶት ከሆነ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው።

አገር ቤት የመኪናውን ጤንነት ቦሎ ያስታውሰናል። እዚህ ለክላክስ የሚያስታውስ ስለሌለ እኔ ለራሴ ቀን ቆርጬለታለሁ። በየዓመቱ ለጭስ ምርመራ ስሄድ፣ ከቤቴ ከመውጣቴ በፊት ሁለቴ አጠር አድርጌ እነካዋለሁ። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ መኪናችሁ ውጡና አንዴ ሞክሩት። ጎረቤት ለአፍታ ቢደነግጥ ይቅር ይላችኋል።