ቀብድ፣ ሞንታርቦና የቢታ ገነት ሰርግ

ጅማ መናኸሪያ ውስጥ ክርክሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሞንታርቦው ነው። ረዳቱ "ይሄማ የሁለት ሰው ቦታ ይበላል፤ የሁለት ሰው ሂሳብ ትከፍላለህ" አለኝ። "ሁለት ሰው ከሆነ ሁለት ወንበር ስጠዋ" አልኩት። ሳቀና በአንድ ሰው ሂሳብ ተስማማን። ሞንታርቦው ጣሪያ ላይ ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር ታሰረ፤ ማሲንቆው ግን ከጭኔ አልወረደም። አብራኝ የምትዘፍነው ባልደረባዬ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች። መንገድ ላይ ከማንም ጋር አታወራም። አቧራና ወሬ ጉሮሮ ያደርቃሉ ባይ ናት፤ እኔ ደግሞ በእሷም ፈንታ ጨምሬ አወራለሁ።

የእኛ ጉዞ ማኔጀር የለውም። አዲስ አበባ አንድ ምሽት ቤት ስንጫወት ያየን ሰው ለአጎቱ ልጅ ይነግራል፣ የአጎቱ ልጅ ይደውላል፣ ዋጋ እንነጋገራለን፣ ግማሹ ቀብድ በቴሌብር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በራሳችን ትከሻ ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር መኖሩን መጠየቁ፣ ቀሪው ሂሳብ ከእራት በፊት ይከፈል ወይስ በኋላ እያሉ መጨቃጨቁ። ሥራውን የኖረበት አዝማሪ ከእራት በፊት ይላል። ከእራት በኋላ ደጋሹ አይገኝም፤ ቢገኝም ሞቅ ብሎታል፤ ሞቅ ባይለውም ገንዘቡ ያለው ወንድሙ ጋ ነው፣ ወንድሙ ደግሞ ሙሽራ ሊሸኝ ሄዷል።

የሥራ ወቅታችንን የሚወስነው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሳናስቀድስ በምንውልበትም ቀን ጭምር። ጥር የሰርግ ወር ነው። ሁዳዴ ሲገባ ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ 55 ቀን ሙሉ ሰርግ የለም፣ የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ስለዚህ በጥር የተገኘው እስከ ፋሲካ መብቃት አለበት። ከፋ ላይ ደግሞ ከጥር በፊት ቡናው አለ። ለቀማው አልቆ ቡናው ሲሸጥ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፣ ያን ጊዜ ልጅ ይዳራል። ከጎንደር የተነሳ አዝማሪ በጥር ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያቀናው አገር ለማየት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ጎጀብን ተሻግረን ከፋ ገባን። ሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎን ነበር፤ ወደ ቦንጋ ስንወጣ ጉም ተቀበለን። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የፖለቲካ መቀመጫው እሷ ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ ባለ ቦርሳ እንግዳ በዝቶባታል፣ አልጋም እንደዚያው ተወዷል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚሁ ነው ያለው። ዓይኔን የያዘው ግን ደኑ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን የቡና ደን በባዮስፌርነት መዝግቦታል፤ ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው በቅሎ ይታያል። ጎንደር ሳለሁ ደን የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያኑን ደኑ ውስጥ ገብቶ መፈለግ ነው።

ከቦንጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቢታ ገነት ስንሄድ ጥርም ሆኖ ዘነበብን። ዝናቡን የምጠላው ለራሴ ብዬ አይደለም። የማሲንቆ ገላ በቁርበት የተወጠረ ነው፤ ቁርበት እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ የላላ ቁርበት ድምፁ ወፍሮ ይታፈናል። የፈረስ ጭራው ክርም እንዲሁ ይለጠጣል። ሰርጉ ቤት እንደደረስን ቡና የሚፈላበት ጓዳ ገባሁና ባለቤቷን "እትዬ፣ ከምድጃዎ ዳር ትንሽ ቦታ ቢሰጡኝ" አልኳቸው። ሊቀመጥ የመጣ ሰው መስያቸው በርጩማ አመጡ። ማሲንቆውን ከጀበናው አጠገብ፣ እሳቱ የማይልሰው ርቀት ላይ ሳቆመው ጓዳው በሙሉ ሳቀ። ትንሽ ጠብቆ በጣት መታ ማድረግ ነው፤ "ድም" የሚለው "ጥም" ወደሚለው ሲቀየር ይነሳል። ካሳለፍኩት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ቢታ ገነት ላይ ቁርበት የሚወጥርልኝ ደግሞ የለም። ከዚያ ደጋኑን ሙጫ አሸሁት። እትዬ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከበርበሬ ጋር የተፈላበት ትኩስ ነገር በጽዋ ሰጡኝ። ያቃጥላል፤ የጉሮሮ መድኃኒት ነው። ባልደረባዬ ሁለት ጽዋ ጠጣችና በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፦ "ይሄን ይዘን እንሂድ።"

እዚህ አገር ለአዝማሪ ግማሹ በር ዝግ መሆኑንም ልንገራችሁ። በደቡብ ምዕራብ ወንጌላውያን ብዙ ናቸው፤ በእነሱ ሰርግ ኪቦርድና መዝሙር እንጂ ማሲንቆና ጠጅ አይገባም። አልፈርድባቸውም፤ ኪቦርድ የሚጫወቱት ልጆች እንዲያውም ከእኛ የተሻለ ይበላሉ፣ ቢያንስ ሌሊቱን ይተኛሉ። የእኛ ደጋሾች ኦርቶዶክሶች ነበሩና ጠጁ በጀሪካን ቀርቧል። ማሩ የደኑ ነው። ከፋዎች ቀፎ የሚሰቅሉት ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ለቀፎ የተያዘ ዛፍም ባለቤት አለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል።

ዳስ ውስጥ ገባን። አዝማሪ ሲገባ መጀመሪያ አገሩን ያወድሳል፤ እኔም የመንገዱን ብሶት ጨመርኩበት፦

መንገዱ ቢያስቸግር ጭቃው ቢያንገላታኝ፣
ሳልሞት ከገነት በር ቢታ ተቀበለኝ።

ተሳቀ፣ ተጨበጨበም። ብር ግን አልወጣም። ሳቅና ብር የተለያዩ ናቸው፤ ይህን ደሙ ውስጥ የሌለው አዝማሪ አዲስ አበባ ይቅር። ሰው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው ግጥም አምሮለት ሳይሆን ስሙ ተጠርቶ፣ የአባቱ ሥራ ተነስቶ፣ ሁሉም ዞር ብሎ ሲያየው ነው። ጎንደር ቢሆን ግማሹን ታዳሚ አውቀዋለሁ፣ የቀረውን ከአቀማመጡ እገምታለሁ። እዚህ ግን ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ አላውቅም። ጨዋታው በአማርኛ ነው፤ በየመሃሉ ሰዉ እርስ በርሱ በካፊኖኖ የሚባባለው ያመልጠኛል። የተቀያየሙ ሰዎችን ጎን ለጎን ማወደስ ደግሞ ከዝምታ የባሰ ነው።

ጠጅ የሚቀዳ አንድ ወጣት ነበር። ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገልኝ፦ "ያ ባርኔጣ ያደረጉት የሙሽራው አያት ናቸው። በዚህ ቀበሌ የእሳቸውን ያህል ቀፎ የሰቀለ የለም።" ወዲያው ስማቸውን ይዤ ዛፍ ላይ ወጣሁ፤ ንቡን፣ ጭሱን፣ ማሩን፣ ሙሽራዋንም የማሩ ሰፈፍ አድርጌ አወረድኩት። ሽማግሌው ተነሱ፤ ብሩን ግንባሬ ላይ ለጠፉ። ሽማግሌ ከጀመረ ጎልማሳው አይቀርም። ወጣቱ በጠጅ ማንቆርቆሪያ አሳቦ ይመላለሳል፤ "ይሄ ሹፌር ነው፣ አዲስ አይሱዙ ገዝቷል"፣ "እሷን ተዋት፣ ከባሏ ጋር ተጣልታለች"። ባልደረባዬ ከኋላዬ እስክስታዋን ሳታቋርጥ ብሩን ትሰበስባለች።

ሌሊት ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ዋልያስ ባንድ ነው። በእነሱ ዘመን ብዙ ሙዚቀኛ የሚጫወተው በክለቡ ወይም በሆቴሉ ባለቤት መሣሪያ ነበር፤ እነሱ የራሳቸውን ገዝተው ሒልተን ገቡ። ሰዓት እላፊ በነበረበት በደርግ ዘመን እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚውም ወዴትም መሄድ አይችልማ! ከዚያ በ1970ዎቹ አሜሪካ ለኮንሰርት ሄዱና ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የቀድሞ ካሴቱ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ያወቀው፣ ከዚያም ወደ መድረክ የተመለሰው። ይህን ታሪክ ሰው ሲያወራው ትዕግሥቱን ያደንቃል። እኔ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ሁልጊዜ የራሱ ነበረ፤ ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት የጠፋው ስሙን ለሚሰማው ሰው የሚያደርስለት ነበር። እኔም ማሲንቆዬ የራሴ ነው፣ ሞንታርቦው የራሴ ነው፣ ለማንም አልታዘዝም እያልኩ እፎክራለሁ፤ ቢታ ገነት ላይ ያበላኝ ግን ጠጅ ቀጂው ነው። ድሮ አዝማሪ ከመኳንንት አንድ ጌታ ነበረው፣ ተከትሎት ይዘምታል፣ ማዕድ ይቀርብለታል። ያ ከቀረ ወዲህ ጌታችን የበዛ፣ ደመወዛችን ያነሰ ሰዎች ነን።

ጠዋት ቀሪው ሂሳብ ሳይጎድል ተከፈለ። እንዲህ ያለ ደጋሽ ብርቅ ስለሆነ መረቅኩት። ሽልማቱን ከባልደረባዬ ጋር ተካፍለን ስንጨርስ ወጣቱ ሞንታርቦውን ባጃጅ ላይ ለመጫን መጣ። ከሽልማቱ ከፍ ያለ ብር አውጥቼ በእጁ አስያዝኩት። ቆጠረው። ከኪሱ ስልክ አወጣ።

"ጋሼ፣ ቁጥርህን ስጠኝ። ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ።"

ነገርኩት። መዘገበና ቀና ብሎ አየኝ።

"በቀጥታ ቢደውሉልህ ዋጋ እንዳትነግራቸው። ዋጋውን እኔ ነኝ የምነግራቸው፤ አንተ ርካሽ ነህ።"

ባልደረባዬ ባጃጁ ውስጥ ሆና "የኔንም ቁጥር መዝግብ" አለችው።